ጋሽ ገብረየስ ያልቀመሱት መኪና

የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ገና ፊቴን አልታጠብኩም ነበር። ለፋፊው ከቀጨኔ በኩል ሽቅብ እየወጣ፣ “መካኒኩ ጋሽ ገብረየስ ዐርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት መድኃኔ ዓለም!” ይላል። እኔ አላመንኩም። ሰው ሞተ ሲባል ቶሎ ብዬ “ነፍስ ይማር” አልልም። ማን አለ? ማን አየ? ትናንት ምን በልተው ነበር? ብዬ ነው የምጀምረው። ባለቤቴ ጠባዬን ስለምታውቀው ከጓዳ ሆና፣ “አንተ እኮ መልአከ ሞት ራሱ ቢመጣ ማነው የላከህ ብለህ በር ላይ ታቆመዋለህ” አለችኝ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ወደ ቀብሩ የሄድኩት ለማልቀስ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ነገር ለማጣራትም ነበር። ከጠላት ዘመን ጀምሮ ስለ ጋሽ ገብረየስ ልቤ ውስጥ የቀረ ጥርጣሬ አለ። እሳቸውን በሕይወት እያሉ ጠይቄአቸው አስተባብለውኛል። አሁን ደግሞ መልሱን ይዘውት ጉድጓድ ሊገቡ ነው። የቀረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ንስሐ አባታቸው። እሳቸውም ያረጁ ናቸውና ዛሬ ካላገኘኋቸው ሌላ ቀን እንደማላገኛቸው አውቅ ነበር።

ጋሽ ገብረየስን ያወቅኳቸው ጣልያን አዲስ አበባን ይዞ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው። እኔ የአንድ ደጃዝማች ሾፌር ነበርኩ። ደጃዝማቹ ሲሰደዱ ጥቁሯ መኪናቸው ተወረሰች፤ ጠባይዋን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና አብሬያት ተወረስኩ። ለአንድ ካፒቴን ደረስን። ካፒቴኑ መኪናዋን ወደዳት። እኔን ግን የሚያየኝ እንደ ጎማዋ ነበር፤ ካልተነፈስኩ አያስታውሰኝም።

መኪናዋ ስትታመም የምትወሰደው ጣልያኖች ጉለሌ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር በከፈቱት ጋራዥ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንድ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የተከረከሙ ሰው ኮፈኑ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ “በል አስነሣ” አሉኝ። አስነሣሁ። ግራ እጃቸውን ወደ ኋላቸው ወስደው ጀርባቸው ላይ አሳረፉ፤ በቀኝ እጃቸው ጣት እሳት የሚተላለፍበትን ወፍራም ሽቦ ጫፍ ነካ አደረጉት። ትከሻቸው ዘለለ። እኔ ደንግጬ ሞተሩን አጠፋሁ። እሳቸው ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝና፣ “ቀምሼልሃለሁ፤ ውሰዳት” አሉ።

እብድ ናቸው ብዬ ነበር። ኋላ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነገሩን አስረዳኝ። ጋሽ ገብረየስ ከጦርነቱ በፊት በአንድ ትልቅ ሰው ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበሩ። አሳላፊ ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ ቢኖርበት ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ጌታቸው መኪና ሲገዙ ጋሽ ገብረየስ እንዲያጥቡት ታዘዙ። ከማጠብ መፍታት፣ ከመፍታት መግጠም ሆነና አንድ አርመን መካኒክ ጋ ተላኩ። ሙያቸው ተለወጠ እንጂ ልማዳቸው አልተለወጠም። ሳይቀምሱ መኪና ለሾፌር አስረክበው አያውቁም።

ይህ ነገር እኔን ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። እኔም ብሆን ጠጅ ቤት ገብቼ የሚያቀርብልኝ ሰው ካልቀመሰ አልጠጣም፤ ጓደኞቼ በዚህ ሲስቁብኝ ነው የኖሩት። ግን ጠርጣራ ሰው ደስታውንም ይጠረጥራል። ይህን ያህል የሚቀምስ ሰው ምን ቢደብቅ ነው? አልኩ። ደግሞም የሚያስጠረጥር ነገር ሞልቶባቸው ነበር። ጣልያኖቹ ይወዷቸዋል። የጋራዡ ሹም ትከሻቸውን እየመታ ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ስለራሳቸው አንድ ቃል አይናገሩም፤ የሰውን ግን ይጠይቃሉ። “እናትህ ደህና ናት? ወንድምህስ?” ይሉኛል። ወንድም እንዳለኝ ማን ነገራቸው?

ወንድሜ ደጀኔ ከአርበኞች ጋር ነበር። ይህንን ጉለሌ ውስጥ ከእኔና ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር። “ወንድሜ ወለጋ ነው፤ ቡና ይነግዳል” አልኳቸው። “ደግ” አሉ፣ አንድም ቃል ሳያምኑኝ።

አንድ ቀን ካፒቴኑ ምሳ በልቶ ሲተኛ ጋራዡ ግቢ ውስጥ እጠብቃለሁ። ጠሩኝ።

“በላቸው፣ ና። የምትነዳውን እወቅ።”

ኮፈኑ ተከፍቷል። ጣሳ የምታህል ጥቁር ነገር አሳዩኝ።

“ይቺ ቦቢና ናት። ሁለት ጆሮና አንድ አፍ አላት። ባትሪው ያለው ጉልበት ደካማ ነው፤ ብትነካው እንኳ አይነዝርህም። በቁልፉ በኩል መጥቶ በዚህ ጆሮ ይገባል። በዚያኛው ጆሮ ወጥቶ ወደ ማከፋፈያው ይሄዳል። እዚያ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች። ስትገጥም ያልፋል፤ ስትለያይ መንገዱ ይቋረጥበታል። ድንገት ሲቋረጥበት ምን ይሆናል?”

“ይቆማል።”

“ይቆጣል! የሚፈለገውም ቁጣው ነው። በአፏ ወጥቶ፣ በወፍራሙ ሽቦ አልፎ፣ ካንዴላው ላይ እሳት ይሆናል። መኪና የሚሄደው በዚያ ነው።” ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። “ይህን ወፍራሙን ስትነካ ግራ እጅህን ደብቅ። በሁለት እጅህ ከያዝከው ልብህን አቋርጦ ነው የሚያልፈው።”

እኔም ሳላስበው፣ “ሁለቱን ጆሮዎች ያለዋወጠ ሰው ቢኖርስ ጋሼ?” አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ግቢውን ቃኘት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ትነሣለች። ሜዳ ላይም ትሄዳለች። ክፋቱ እሱ ነው። እሳቱ ስለሚደክም ሸክም ሲጠናባት፣ ሲሞቃት፣ ዳገት ላይ ታስነጥሳለች፤ ከዚያ ትሞትብሃለች። ጨርሳ እምቢ ብትል እዚሁ ግቢ ውስጥ ታውቀው ነበር።”

ይህን ብለው ከኪሳቸው ቀይ ክር አወጡ፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የለመኑት የጥለት ክር ነው። ከቁልፉ በሚመጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ጠምጥመው አሰሩት። “ቀዩ ሁልጊዜ በቀኝ ጆሮ። ጨለማ ውስጥ እንኳ ቢሆን በጣትህ ታገኘዋለህ” አሉኝ።

እንቅልፍ አጣሁ። የጣልያን ጋራዥ መካኒክ ለአንድ ሐበሻ ሾፌር የጣልያን ካፒቴን የሚጫንበትን መኪና ዳገት ላይ እንዴት መግደል እንደሚቻል ለምን ይነግረዋል? ሊፈትነኝ ነው አልኩ። አንድ ቀን ሽቦው ተለዋውጦ ይገኝና፣ “ይህንን የሚያውቀው በላቸው ብቻ ነው” ይሉና ያሰቅሉኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦቢናዋን ሳላይ፣ ቀዩን ክር በቀኝ ጆሮ ሳላገኝ መኪና አላስነሣም ነበር።

ደጀኔ እግሩን በጥይት ተመታ። ጓደኞቹ ከእንጦጦ ማዶ ያለችው አክስታችን ቤት አምጥተው ደበቁት። ወሬው የደረሰኝ በእናቴ በኩል ነው። ቁስሉ የሚታሰርበት ጨርቅ ስለጠፋ ከጋራዡ የመኪና መወልወያ ጨርቅ ክምር ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየወሰድኩ ወደ ገበያ በምትወጣ ዘመዳችን እልክለት ጀመር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ገብረየስ አጠገቤ መጡና እየሳቁ፣ “በላቸው፣ አንተ የምትገርም ሾፌር ነህ” አሉ።

“ምነው ጋሼ?”

“ንጹሑን ንጹሑን እየመረጥክ ነው ጨርቅ የምትወስደው። ዘይት የሚወለውል ሰው ምን አስመረጠው?”

መልሴን ሳይጠብቁ ኪሴ ውስጥ አንድ ነገር አስገቡና ሄዱ። ኋላ ሳየው ከጋራዡ የመድኃኒት ሣጥን የወጣ የቁስል መድኃኒት ነው፤ ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ። አሁን አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰው ማመን ነበረብህ ትለኝ ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ የገዛ ጣቴን በምላጭ ጫር አድርጌ ጠብ አደረግኩበት። አቃጠለኝ፤ ግን አልሞትኩም። ቁስሉም ደረቀ። ከዚያ በኋላ ነው ለደጀኔ የላክሁት። መድኃኒቱን አመንኩት፤ ሰውየውን ግን አላመንኩም። አውሬም ሲጠመድ መጀመሪያ የሚጣልለት ጥሩ ሥጋ ነው።

ትንሣኤ አለፈ። በዓለ ሃምሳ ገባ። የደጀኔ እግር ሻር ሲል ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሩቅ ሊወስዱት ቀን ቆረጡ፤ የሚነሡትም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በዋዜማው ካፒቴኑ አስተርጓሚውን ይዞ ጋራዥ መጣ። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለው፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አይነበብም። እኔ ራዲያተሩ ላይ ውኃ እጨምራለሁ፤ ጋሽ ገብረየስ ጎማው ሥር ተቀምጠዋል።

“ነገ በጠዋት ጉዞ አለ” አለኝ አስተርጓሚው። “እንጦጦን ወጥተን ወደ ማዶ ነው። ወታደሮች አናቱ ላይ ይጠብቁናል። ከቀትር በፊት መድረስ አለብን።” ከዚያ የአክስቴን መንደር ስም ጠራ።

የውኃው ጣሳ ከእጄ ወደቀ።

ካፒቴኑ ሳቀብኝ። ጋሽ ገብረየስ ጣሳውን አነሡ፤ አቧራውን አራገፉ፤ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ዓይኔን አላዩም። በዚያች ቅጽበት ልቤ ቆረጠ። ጨርቁን ያየው ይህ ሰው ነው። ስለ ወንድሜ የጠየቀኝ ይህ ሰው ነው። የሸጠንም ይህ ሰው ነው። ያን ምሽት ሰዓት እላፊው ባይኖር በእግሬ እንጦጦን አቋርጬ እነግራቸው ነበር። ግን ከደጅ የወጣ ሁሉ በጥይት የሚመታበት ጊዜ ነበርና ግድግዳ እያየሁ ነጋ።

ጠዋት ጋራዥ ስደርስ ጋሽ ገብረየስ ቀድመውኝ ኮፈኑን ሊዘጉ ነው። ቦቢናዋን አይ ዘንድ ተጠጋሁ፤ ጓ አድርገው ዘጉት። ካፒቴኑ ገብቶ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው በሩን ይዞ ቆሟል። እኔ እንደ ልማዴ ቅምሻውን ጠበቅኩ። ጋሽ ገብረየስ ግን እጃቸውን ይወለውላሉ።

“ጋሼ፣ አልቀመሱልኝም” አልኳቸው።

“ዛሬስ ጾም ነኝ” አሉ።

ካፒቴኑ ምን እንዳሉ ጠየቀ። አስተርጓሚው፣ “ጾም ላይ ነኝ ይላል” ብሎ ነገረው። ካፒቴኑ ሳቀና ጎበዝ ክርስቲያን ነው አለ መሰለኝ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በበዓለ ሃምሳ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ ቅቤ በሚበላበት ወቅት! ቄሱም ዲያቆኑም በማይጾሙበት ጊዜ የምን ጾም ነው? ወደ አስተርጓሚው ዞርኩ። ያ ባለ ማተብ ሰው ምን እንደሰማ ያውቃል። እሱ ግን አንገቱን አቀርቅሮ የጫማውን ጫፍ ያያል። ገባና በሩን ዘጋ። ጉዞ ጀመርን።

ከጉለሌ እስክንወጣ መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ናት። እኔ ግን ላብ አጥምቆኛል። ያልተቀመሰ መኪና ነው የምነዳው። ውስጧ ምን አለ? ድማሚት ይሆን? ጋሽ ገብረየስ እኔንም ካፒቴኑንም አንድ ላይ ሊያሰናብቱን ይሆን? ወይስ ወጥመዱ ለእኔ ነው? በየጉድባው ስንነጥር አብሬ እጸልያለሁ፤ ጸሎቴም ጥርጣሬ ነበረበት።

ዳገቱ ሲጠና መኪናዋ አንዴ አስነጠሰች። ወዲያው ገባኝ። ማርሽ ቀነስኩ፤ ደግማ አስነጠሰች። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቀዩ ክር በግራ ጆሮ ላይ ነበር።

እንግዲህ እዚያ ዳገት ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ሁለቱን ሽቦዎች ወደ ቦታቸው ለመመለስ ጸሎተ ሃይማኖት እንኳ ተደግሞ አያልቅም። ብመልሳቸው መኪናዋ ትነሣለች፤ ከቀትር በፊት አክስቴ ደጅ እንደርሳለን፤ ወንድሜን በእጄ አስረክባለሁ። ባልመልሳቸው፣ ይህም የጋሽ ገብረየስ ፈተና ከሆነ፣ ነገ፣ “ምን እንደሆነ እያወቀ ዝም አለ” ብለው ያስይዙኛል። ካፒቴኑ ከኋላዬ መጥቶ ሽጉጡን አወጣ። አስተርጓሚው፣ “አሁኑኑ ካልነሣች ሆን ብለህ ነው ይልሃል” አለኝ።

አልመለስኳቸውም። ጋሽ ገብረየስን አምኛቸው እንዳይመስላችሁ። ሌላ የማምነው ነገር ስላልነበረኝ ነው።

“እሳቱን ልፈትሽ፤ ቁልፉን ይጫንልኝ በለው” አልኩት ለአስተርጓሚው። ካፒቴኑ ገብቶ ተጫነው። ግራ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩና የወፍራሙን ሽቦ ጫፍ በጣቴ ነካሁ። ደካማ ነው የተባለው እሳት መንገዱ ላይ ዘረረኝ። ካፒቴኑ ወርዶ እኔን መሬት ላይ ሲያየኝ እስኪያነባ ሳቀ፤ ሽጉጡንም መለሰ። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ፣ “እሳት አለ፤ እንግዲያው ካንዴላዎቹ ናቸው የቆሸሹት” አልኩ። አንድ በአንድ እያወጣሁ መወልወል ጀመርኩ። እንደዚያ ቀን ካንዴላ የተወለወለ አይመስለኝም።

ካፒቴኑ በአንድ እግሩ ያነክሳልና ዳገቱን በእግሩ አይወጣም። የአክስቴን ቤት የሚያውቀው አስተርጓሚው ብቻ ነው፤ እሱን ብቻውን እንዳይልክ ደግሞ አያምነውም። ጥርጣሬ የእኔ ብቻ በሽታ አልነበረም። ስለዚህ ተቀመጥን። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች፤ አለፈችም። ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ወታደሮች ቢጨንቃቸው በካሚዮናቸው ፍለጋ ወረዱ። ካፒቴኑ እየተራገመ አስተርጓሚውን ይዞ ካሚዮኑ ላይ ወጣ። እኔ ከመኪናዋ ጋር ቀረሁ፤ አንድ ወታደር ጠባቂ ተውልኝ፤ እሱም ዛፍ ሥር ጋደም አለ።

ያን ጊዜ ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ቀዩን ክር ወደ ቀኝ ጆሮ መለስኩት። ነገሩ ወጥመድም ከሆነ ማስረጃው ይጥፋ፤ ውለታም ከሆነ ማስረጃው ይጥፋ። ጠርጣራ መሆን የጠቀመኝ ያን ቀን ነው።

ሊመሽ ሲል ካሚዮኑ ተመለሰ። የወታደሮቹን እጅ አየሁ፤ ከኋላ የተጫነውንም አየሁ። ማንም የለም። አስተርጓሚው አጠገቤ ሲያልፍ ማንንም ሳያይ፣ “ምድጃው ቀዝቅዞ አገኘነው” አለ። የአክስቴን ጎጆ አቃጥለዋታል፤ እሷ ግን ደጀኔን ከተሸከሙት ጋር ቀድማ ሄዳለች። መኪናዋን በገመድ አስረው ጎተቱንና ጉለሌ ገባን።

ካፒቴኑ ሽጉጡን ይዞ ነው ጋራዥ የገባው። የጋራዡን ሹም ጠራ፤ ጋሽ ገብረየስ ተጠሩ። “ዛሬ ጠዋት አንተ ነህ የሠራሃት። ክፈት” ተባሉ። ጋሽ ገብረየስ ግራ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አድርገው ኮፈኑን አነሡ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበርና ከፊት ያሉት የማያዩትን አየሁ፤ ያቺ ሁልጊዜ የምትደበቅ ግራ እጃቸው ትንቀጠቀጣለች። ሽቦው ተለዋውጦ እንደሚገኝ፣ ሹሙም እንደሚያየው፣ ከግቢው ሳይወጡ እንደሚሞቱ አውቀው ነው የቆሙት።

ጎንበስ አሉ። ቆዩ። እጃቸው ቀጥ አለች።

“አስነሣ” አሉኝ። አስነሣሁ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች።

ካፒቴኑ ጮኸ፤ አስተርጓሚው፣ “ታዲያ ዳገት ላይ ምን ነካት ይላል” አለ።

“ቦቢናዋ ሞቃ ነበር። አሁን ቀዘቀዘች። ያረጀች መኪና ናት፤ እንዲህ ታደርጋለች” አሉ። ሹሙም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ያውቃል። ከዚያ ጋሽ ገብረየስ ቀኝ ጣታቸውን ወደ ወፍራሙ ሽቦ ጫፍ ሰደዱ። ትከሻቸው ዘለለ። ወደ እኔ ሳይዞሩ በአማርኛ፣ “አሁን ጾሜን ፈታሁ” አሉ።

ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም። ጣልያን እስኪወጣ ድረስ መኪናዬን እየቀመሱ ሰጡኝ፤ እኔም ቀዩን ክር ማየቴን አልተውኩም።

ነጻነት ሲመጣ ጉለሌ ውስጥ ያልዘመተ ሰው ጠፋ። ትናንት ለጣልያን ውኃ የቀዳው ሁሉ አርበኛ ነበርኩ አለ። ጋሽ ገብረየስን ግን ባንዳ አሏቸው። ጠጅ ቤት ሲገቡ አግዳሚው ላይ ከአጠገባቸው ሰው ይነሣል። አንድ ቀን ይህን አየሁና ተናድጄ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ደጀኔ ያን ጊዜ እያነከሰም ቢሆን በሕይወት ተመልሷል፤ አግብቷልም።

“ጋሼ፣ እኔና ደጀኔ ሰፈሩ ፊት እንመሰክርልዎታለን” አልኳቸው።

“ምን ብላችሁ?”

“ሽቦውን ገልብጠው መኪናዋን ዳገት ላይ እንዳስቀሯት።”

“ተገልብጦ ያየ አለ? ጣልያኖቹ ሲያዩት በቦታው ነበር።”

“እኔ ነኝ የመለስኩት!”

“እንግዲያው ምስክርህን ራስህ አጥፍተኸዋል” ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። “በላቸው፣ ተሳስቼ ነው። ዓይኔ ደክሞ ነበር። ሰው አይሳሳትም?”

“ጾሙስ? በሃምሳ ማን ይጾማል?”

“ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ ነበር። የራሴ ጉዳይ ነው።”

ተናደድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ትሕትና ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ልቤ ተከፈለ። ቢሳሳቱስ? አንድ የደከመ ዓይን ሽቦ አለዋውጦ ወንድሜን ካተረፈው፣ እኔ እድሜዬን ሙሉ የማመሰግነው ስሕተት ነው ማለት ነው። በየዓመቱ ለትንሣኤ በግ ስናርድ ቅርጫ እልክላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይመርቁኛል፤ እኔም ስመለስ መንገድ ላይ፣ “እውነት ቀኖና ነበር ይሆን?” እላለሁ። አንድ ጊዜማ ሲጠጡ አግኝቻቸው ነገሩን በዙሪያ አመጣሁት። “አሳላፊ የሚቀምሰው ጌታው እንዳይሞት ነው። ቀምሼ አዳንኩ ብሎ ከለፈፈማ መርዝ ነበር ተብሎ ግብሩ ይታወካል” አሉና ጨዋታ ለወጡ። ይህም መልስ ይሁን ማምለጫ ሳላውቀው ቀረሁ።

ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ደጀኔ ከሦስት ዓመት በፊት ስለሞተ የቤተሰባችን ተጠሪ እኔ ብቻ ነኝ። ሣጥኑ ሲወርድ አየሁ፤ እንግዲህ መሞታቸውን አመንኩ። አፈሩ ሲያልቅ ንስሐ አባታቸውን ከጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩ።

“አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሟቹን ምሥጢር አይደለም፤ የሥርዓት ጥያቄ ነው።”

“ጠይቅ ልጄ።”

“በበዓለ ሃምሳ ለንስሐ ልጅዎ የጾም ቀኖና ይሰጣሉ?”

“በሃምሳ?” አሉ፣ ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን ወደ እኔ እያዘነበሉ። “ጌታ በተነሣበት ወቅት ማንን አጾማለሁ? ጾምም የለ፣ ስግደትም የለ። ካህን ከሆንኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቀኖና ሰጥቼ አላውቅም። ማነው ሰጡኝ ያለህ?”

“ማንም” አልኳቸው።

ከዚያ አለቀስኩ። ለቀስተኛው ወደ ቤት ሲሄድ እኔ ቀርቼ አለቀስኩ። ያን ጠዋት ጓ ብሎ የተዘጋውን ኮፈን፣ ያን የተወለወለ እጅ፣ “ዛሬስ ጾም ነኝ” ያለውን ድምፅ አሰብኩ። ያን ቀን የሚሰቀሉት እሳቸው ነበሩ፤ ቀድመው ቀምሰውልኛል።

ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ሰው በየአግዳሚው ተቀምጧል። የእህታቸው ልጅ ንፍሮ አቀረበችልኝ፤ ቀጥላ ጠላ በጣሳ ይዛ መጣች። አጎቷ እንዳስተማሯት መዳፏን ዘርግታ ጠብ ልታደርግ ጣሳውን አዘነበለች።

“ተይው የኔ ልጅ” አልኳት። “ተቀምሶልኛል።”

ግራ ገብቷት አየችኝ። ጣሳውን ተቀብያት ጠጣሁ።